ረግረግ በለበሰ ተራራ ላይ ከክምር ወደ ክምር፦ ከሲፊን እስከ ሲሃን በእግር ለመጓዝ

በአየርላንድ፣ ከዋና ከተማዋ ከደብሊን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ የደብሊንና የዊክሎው አውራጃዎች በሚዋሰኑበት ቦታ፣ አራት ኮረብታዎች ግማሽ ክብ ሠርተው ተያይዘው ይገኛሉ። ሲፊን 621 ሜትር፣ ሲፊንጋን ከ720 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ፣ ኮሪግ ከ610 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ሲሃን ደግሞ ወደ 650 ሜትር የሚጠጋ። ከአራቱ በሦስቱ አናት ላይ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት የተከመሩ የመቃብር ድንጋዮች አሉ። በመካከላቸው ያለው መሬት በአብዛኛው ረግረግ ነው።

አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ሲሰማ «ይሄም ተራራ ነው?» ማለቱ አይቀርም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ቢል አይፈረድበትም። እዚህ ግን ሰውን የሚጥለው ከፍታው ሳይሆን ውሃው፣ ነፋሱና ጉሙ ነው። ትንፋሽ አያጥራችሁም፤ እግራችሁ ግን እስከ ጉልበት ሊሰምጥ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥም ጓደኛችሁን በአሥር ሜትር ርቀት ማየት ሊያቅታችሁ ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ሙያ መሬቱን በቀለሙ ማወቅና በጉም ውስጥ ከአንዱ ክምር ተነሥቶ ሌላው ክምር ላይ በትክክል መድረስ ነው። ክምሩን እንዳገኛችሁት ትታችሁ መውረድ ደግሞ ግዴታ ነው።

1. መጀመሪያ ረግረጉ ምን እንደሆነ ዕወቁ

የተራራው ረግረግ ዝናብ ሲዘንብ የሚፈጠር፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚደርቅ ጭቃ አይደለም። ዕፅዋት ሞተው፣ ውሃው አየር ስለሚከለክላቸው ሳይበሰብሱ እየተደራረቡ የሠሩት ፒት የሚባል ጥቁር አፈር ነው። ዘጠና በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ረግረግ በዓመት የሚወፍረው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ለመድረስ አንድ ሺህ ዓመት ይፈልጋል። ውሃውን የሚይዘው ስፋግነም የተባለው ስፖንጅ መሳይ ለስላሳ ተክል ነው፤ ከራሱ ደረቅ ክብደት ብዙ እጥፍ ውሃ ይሸከማል።

ይህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ «ሦስት ቀን አልዘነበም፣ ደርቋል» ብላችሁ እንዳትሳሳቱ ያደርጋችኋል። ሁለተኛ፣ አንድ ጫማ የሚቦጭቀው የረግረግ ቆዳ ተመልሶ ለመዳን ስንት ዘመን እንደሚፈጅበት ያሳያችኋል። በአየርላንድ ብዙ ቦታ ረግረጉ የተስፋፋው የድንጋይ ዘመን ገበሬዎች ከኖሩ በኋላ ነው፤ በሜዮ አውራጃ ሴይዴ ፊልድስ በተባለው ሥፍራ የጥንት ገበሬዎች የእርሻ ካቦች ከሜትሮች ፒት በታች ተቀብረው ተገኝተዋል። ከእግራችሁ ሥር ያለው መሬት ገና ያልተገለጠ ታሪክ ይዞ ሊሆን ይችላል።

2. ቀኑን ምረጡ

የአየርላንድ የሜትሮሎጂ አገልግሎት፣ ሜት ኤሪን፣ የሚያወጣውን ትንበያ ከአንድ ቀን በፊትና በዕለቱ ጠዋት ተመልከቱ። ከዝናቡ ይልቅ የነፋሱን ፍጥነትና የደመናውን ከፍታ አንብቡ። ደመናው ከ600 ሜትር በታች የሚወርድ ከሆነ አራቱም አናት ጉም ውስጥ ናቸው ማለት ነው። የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከሆነ በዚህ ቀን አትውጡ።

የቀን ብርሃንን ቁጠሩ። በሰኔ አጋማሽ (እንደ አውሮፓውያኑ ጁን) ፀሐይ የምትጠልቀው በእነርሱ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 10 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው፤ በዲሴምበር መጨረሻ ግን በዚያው አቆጣጠር ከቀኑ 4 ሰዓት ትንሽ አልፎ ይጨልማል። በክረምታቸው ረፋዱ ላይ የሚጀምር ሰው ጨለማ ውስጥ ረግረግ ሊያቋርጥ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። አራቱ ኮረብታዎች በሚከቡት ሸለቆ ውስጥ የአየርላንድ ጦር የኪልብራይድ የተኩስ ልምምድ ሜዳ አለ። የመከላከያ ኃይሉ የተኩስ ቀናትን አስቀድሞ ያስታውቃል፤ በተኩስ ቀን ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል። ባንዲራ ካያችሁ ተመለሱ። ባንዲራ ባይኖርም ወሰኑን አትሻገሩ፤ መሬት ላይ ወድቆ ያገኛችሁትን ብረት ነገር በእጃችሁ አትንኩ። መንገዱን ለማሳጠር ሸለቆውን መሃል ለመሃል መሰንጠቅ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው።

3. የምትለብሱትና የምትይዙት

ጂንስ ቤት ይቅር። ጂንስ ውሃ ይጠጣል፣ አይደርቅም፣ ሙቀት ይመጥጣል። ከውስጥ የሱፍ ወይም የስፖርት ጨርቅ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ልበሱ። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቦት ጫማና ከጫማው አፍ እስከ ጉልበት ባቱን የሚሸፍን መከላከያ ያስፈልጋል፤ ረግረግ ላይ ከጃኬት ቀጥሎ የሚጠቅመው እሱ ነው። በበጋም ቢሆን ኮፍያና ጓንት ይኑራችሁ፤ በየመቶ ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፣ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ቅዝቃዜው ሌላ ነው።

ቦርሳ ውስጥ፦ ተቀያሪ ካልሲ በላስቲክ ከረጢት፣ የራስ ላይ ባትሪ መብራት፣ ፊሽካ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ፣ የተሞላ ስልክ፣ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ። ካርታው 1፡50,000 ወይም ከዚያ የተሻለ ዝርዝር ያለው ይሁን። በስልክ ካርታ ብቻ አትተማመኑ፤ ብርድ ባትሪ ይገድላል፣ ለእርጥብ ጣት ደግሞ የስልኩ ገጽ አይታዘዝም። የእግር ጉዞ ምርኩዝ፣ ቢቻል ጥንድ፣ ያዙ። ጥቅሙን ከታች ታዩታላችሁ።

ለምግብ ከቆሎ የሚሻል አላውቅም። ጓንት ሳያወልቁ ከኪስ እየዘገኑ ይበሉታል፣ አይቀዘቅዝም፣ አይፈርስም። ሙቅ ሻይ በፔርሙዝ ይጨመርበት።

4. ከቤት ሳትወጡ እያንዳንዱን ጉዞ በወረቀት ላይ አስሉ

ይህ እርምጃ አሰልቺ ይመስላል፤ ጉም ሲወርድ ግን ዋጋው ይታያል። መንገዱን ከክምር ወደ ክምር ቆራርጡት። ለእያንዳንዱ ቁራጭ አራት ነገር ጻፉ፦ አቅጣጫ በዲግሪ፣ ርቀት፣ የሚወጣ ከፍታ፣ የሚወስድ ጊዜ።

ለምሳሌ ከሲፊን ወደ ሲፊንጋን፦ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ሰሜን ምሥራቅ፣ ርቀቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል። መጀመሪያ ወደ ኮርቻው፣ ማለትም በሁለቱ አናቶች መካከል ወዳለው ዝቅ ያለ ቦታ፣ ትወርዱና ከዚያ ከ150 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ጊዜውን ለማስላት ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 10 ሜትር አቀበት አንድ ደቂቃ ጨምሩ። ለ1.5 ኪሎ ሜትር 18 ደቂቃ፣ ለአቀበቱ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ፤ በድምሩ 35 ደቂቃ ገደማ። ይህ ለጠንካራ መሬት ነው። ለረግረግ ግማሹን ያህል ጨምሩበትና ከ50 ደቂቃ በላይ ብላችሁ ያዙ።

ከሲፊንጋን ወደ ኮሪግ ወደ ሰሜን ከ2 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከኮሪግ ወደ ሲሃን ወደ ምዕራብ ሰሜን ምዕራብ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዲግሪዎቹን ከራሳችሁ ካርታ ላይ ለኩ፤ ከሰው ጽሑፍ የተቀዳ ዲግሪ ይዛችሁ ተራራ አትውጡ፣ የእኔንም ጨምሮ።

ወረቀቱን በላስቲክ አድርጋችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱ። ቅጂውን ከነመመለሻ ሰዓታችሁ ከታች ለሚቀር ሰው ስጡ።

5. መሬቱን በቀለሙ አንብቡ

ብዙ ሰው ሲፊንን የሚወጣው የደን ጠርዝ ይዞ ቀጥ ብሎ በሚወጣው የእግር መንገድ ነው። ዳገቱ ላይ ውሃ ስለማይቆም ብዙም አትቸገሩም። ፈተናው የሚመጣው ዳገቱ ሲያልቅና ሜዳው ሲጀምር ነው። ይህን ልብ በሉ፦ እዚህ አገር ውሃው የሚተኛው አናቱና ኮርቻው ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ደረቅ የምታገኙ መስሏችሁ ከሆነ ነገሩ ተቃራኒው ነው።

እግራችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ሦስትና አራት እርምጃ ወደፊት አይታችሁ ምረጡ። ቡናማ ሐምራዊ፣ እንጨትማ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቁጥቋጦ ሄዘር ነው፤ የእኛ አስታ ዘመድ። እሱ የበቀለበት መሬት ውሃው የሸሸለት ስለሆነ ሥሩ ላይ ብትረግጡ ይሸከማችኋል። ከሜይ እስከ ጁን ነጭ ጥጥ መሳይ ጭራ አውጥቶ የሚወዛወዘው ሣር ደግሞ እርጥብ ቦታ ወዳድ ነው፤ ጉብ ጉብ ብሎ ሲበቅል ጉብታው ራሱ ሊያቆማችሁ ይችላል፣ በጉብታዎቹ መካከል ያለው ግን አይችልም። መርፌ መሳይ ረዣዥም የቄጠማ ዓይነት በመስመር በቅሎ ካያችሁ ከሥሩ ውሃ እየሄደ ነውና በጣም በጠበበው ቦታ በአንድ እርምጃ ተሻገሩት።

ከሁሉ በላይ የሚያታልለው አረንጓዴው ነው። ዓይን የሚማርክ ደማቅ አረንጓዴ፣ አንዳንዴ ቢጫ ወይም ቀይ የሚነካው፣ ምንጣፍ የመሰለ ለስላሳ ቦታ። ሰው በተፈጥሮው ወደዚያ ይሳባል፤ ሜዳና ንጹሕ ይመስላልና። እሱ ስፋግነም ነው፤ ከሥሩ ማጥ አለ። ምርኩዛችሁን ስትሰኩበት ያለ ምንም መከላከል ሽቅሽቅ ብሎ ይገባል። ዙሩት።

ጥቁሩ ባዶ ፒት መካከለኛ ነው። ደርቆ ሲሰነጠቅ እንደ ጥሩ መንገድ ትሄዱበታላችሁ፤ ሲያብረቀርቅ ተጠንቀቁ። ጥልቅ ሆኖ በተቦረቦረበት ቦታ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ጥቁር ግድግዳ ያለው የተጠላለፈ ቦይ ይሠራል። እዚያ ስትገቡ የቦዩን ወለል እዩ። የዊክሎው ተራሮች በአብዛኛው ግራናይት ናቸውና፣ ውሃው ፒቱን ጠርጎ የጨረሰበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ ጠጠር ይታያል፤ ያ ጠጠር ጠንካራ ነው፣ ተራመዱበት። ነገር ግን ቦዩ ወደሚወስዳችሁ አትሂዱ። ከአምስትና ስድስት ጠመዝማዛ በኋላ አቅጣጫ እንደጠፋ የሚገባችሁ ዘግይቶ ነው፤ በየጊዜው ወደ ላይ ወጥታችሁ ኮምፓስ ተመልከቱ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነውና። በግልጽ የተረገጠ መንገድ ካለ፣ ቢጨቀይም በመሃሉ ሂዱ። ጫማ ላለማቆሸሽ ሁሉም ዳር ዳሩን ሲሄድ አንድ ሜትር የነበረው መንገድ አሥር ሜትር የቆሰለ መሬት ይሆናል። ባቱን የሚሸፍነው ልብስ የተገዛው ለዚህ ነው። መንገድ በሌለበት ደግሞ በሰልፍ ሳይሆን ተበታትናችሁ ተራመዱ፤ አዲስ ጎዳና አታውጡ። በሰሜን በኩል በፈርማና አውራጃ ባለው በኩልካ ተራራ ረግረጉን ለመታደግ በ2015 ረጅም የእንጨት መሄጃ እስከ መዘርጋት ተደርሷል፤ የሲፊን ተራሮች እዚያ እንዳይደርሱ የሚያደርገው የእያንዳንዱ ሰው እግር ነው።

6. ከሰመጣችሁ

በአብዛኛው እስከ ቁርጭምጭሚት ወይም እስከ ባት ነው፤ አንዳንዴ እስከ ታፋ። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከድንጋጤው ነው፤ ሰው እግሩን በኃይል ሲነጥቅ ጉልበቱን ያጣምማል፣ ወይም ጫማው ታች ይቀራል።

መታገል አቁሙ። ቦርሳውን አውልቁና ከጎን አድርጉ። ምርኩዞቹን መሬት ላይ አግድም አስተኝታችሁ በክንዳችሁ ተደገፉባቸው፣ ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ወደ መጣችሁበት ጠንካራ መሬት አጋድሙ። የሰመጠውን እግር ቀስ ብላችሁ ወዲያና ወዲህ ነቅንቁ፣ ውሃና አየር በጫማው ዙሪያ እንዲገባ። ሲላላ በጉልበታችሁ ወይም በደረታችሁ እየዳሃችሁ ውጡ። ርዳታ የሚሰጥ ጓደኛ ሄዘር ላይ ወይም ደህና ጉብታ ላይ ቆሞ ምርኩዙን ይዘርጋ እንጂ አጠገባችሁ አይምጣ። ስትወጡ እዚያው ነፋስ የማያገኛችሁ ቦታ ካልሲ ቀይሩ፤ «ትንሽ ልሂድና» አትበሉ።

7. በጉም ውስጥ ከክምር ወደ ክምር

ሲፊን አናት ላይ ናችሁ፣ ጉም ወረደ እንበል። ክምሩ አሁን ወዳጃችሁ ነው፤ በዚህ መሬት ላይ በእርግጠኝነት «እዚህ ነኝ» የምትሉበት ቦታ እሱ ብቻ ነውና። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ሁሉንም እዚያው ጨርሱ።

ኮምፓሱን ካርታው ላይ አድርጋችሁ ከሲፊን ወደ ሲፊንጋን ያለውን አቅጣጫ አውጡ፤ ወረቀታችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ተሳስቷል፤ ሳታረጋግጡ አትንቀሳቀሱ። ሰዓት ያዙ። ከዚያ አንድ ሰው በአቅጣጫው ወደፊት ይሂድ፣ በጉሙ ሊሰወር ሲል ይቁም፣ ኮምፓስ የያዘው «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ» እያለ ያስተካክለው፣ ከዚያ ሌላው ይድረስበት። አዝጋሚ ነው፤ ግን ማጥ ዞራችሁ ስትመለሱ መስመሩን አትስቱም።

ክምሩ ከኋላችሁ እስከታየ ድረስ ዞር እያላችሁ ተጠቀሙበት። የኮምፓሱን አካል ወደ ክምሩ አዙሩትና የመርፌው ነጩ፣ ደቡብን የሚያሳየው ጫፍ ወደ ሰሜን ምልክቱ ከገባ መስመር ላይ ናችሁ፤ ካልገባ እስኪገባ ወደ ጎን ተንቀሳቀሱ። ነጠላ ተጓዥም በዚህ መንገድ መስመሩን ይጠብቃል።

እርምጃ ቁጠሩ። በጥሩ መሬት 100 ሜትር ለብዙ ሰው በአንድ እግር ሲቆጠር ከ60 እስከ 70 እርምጃ ነው፤ ረግረግ ላይ ከዚያ ይበዛል። የራሳችሁን ቁጥር ጥርት ባለ ቀን ለኩ። መሬቱ መውረድ አቁሞ መውጣት ሲጀምር ኮርቻውን አልፋችኋል ማለት ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ማረጋገጫ ነው። ሰዓቱ ሞልቶ፣ እርምጃው ተቆጥሮ ክምሩ ካልታየ በስሜት ወዲህና ወዲያ አትቅበዝበዙ። አንድ ሰው ቆሞ ፊሽካ እየነፋ ሌላው እስከሚታይበት ርቀት ድረስ ብቻ ወደ አራቱ አቅጣጫ ይፈልግ። የሲፊንጋን ክምር ትልቅ ስለሆነ በአጭር ርቀት ይገኛል።

ከሲፊንጋን ወደ ኮሪግ ሌላ ጠባይ አለው። ኮሪግ ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ሌሎቹ የሚታይ ጥንታዊ ክምር የለውም፤ ሳታውቁት ልታልፉት ትችላላችሁ። እዚህ በግራችሁ የሚሆነውን የተኩስ ሜዳ ወሰን የሚያመለክቱት የማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎች መንገድ መሪ ይሆኑላችኋል፤ ከነሱ በስተ ቀኝ ሁኑ።

ሲፊንጋን ላይ ሰማዩ ጥርት ካለ በስተ ምሥራቅ ደቡብ የማስተላለፊያ ምሰሶ የቆመበት ኪፕዩር፣ 757 ሜትር፣ ቅርብ መስሎ ይታያል። ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መካከሉ ደግሞ ከላይ የገለጽኩት የተቦረቦረ ጥቁር ፒት ነው። ለመጀመሪያ ቀን አይመከርም።

8. ክምሩ ላይ ስትደርሱ

የሲፊኑ ክምር በዲያሜትር ወደ 25 ሜትር፣ በቁመት ሦስት ሜትር ያህል ነው። ውስጡ ባዶ አይደለም፤ በትላልቅ ድንጋዮች የተሠራ ጠባብ መተላለፊያ ወደ መቃብር ክፍል ይወስዳል፣ ክፍሉም በጎኑ ትንንሽ ጓዳዎች አሉት። ኒውግሬንጅ የተባለውን ዝነኛ የአየርላንድ ጥንታዊ መቃብር የሠራው ዓይነት ባህል ሥራ ነው። አርኪዮሎጂስቱ ሮበርት ማካሊስተር በ1931 ሲቆፍረው ምንም ዕቃ አላገኘም። ጣሪያው በከፊል ወድቆ ከላይ ጉድጓድ ሆኗል። የሲፊንጋኑ ክምር ውስጡ አልታየም። ሲሃን ላይ ከአንድ በላይ መቃብር አለ፤ የካርታ ቀያሾች የሲሚንቶ ምሰሶ የቆመውም እዚያው ክምር ላይ ነው።

እነዚህ በሕግ የተጠበቁ ሐውልቶች ናቸው፤ ጥበቃው ከ1930 የብሔራዊ ሐውልቶች ሕግ ጀምሮ ያለ ነው። ሕጉ ባይኖርም እንኳ መቃብር መሆናቸው ይበቃል። እኛ የአባቶችን መቃብር ረግጠን ምሳ አንበላም።

ስለዚህ ክምሩ ላይ አትውጡ፤ ድንጋዮቹ ተያይዘው የቆሙት በሚዛን ነው፣ አንዱ ሲንሸራተት እናንተም ትጎዳላችሁ፣ የጓዳው ጣሪያም ይላላል። ከነፋስ ለመከለል ድንጋይ አንሥታችሁ ካብ አትሥሩ። ይህ ብዙ ክምሮችን ያበላሸ ልማድ ነው፤ ምክንያቱ ክፋት ሳይሆን ብርድ ስለሆነ ማንም ጥፋት አይመስለውም። ነፋስ ሲበረታ ነፋሱ በማይነፍስበት ጎን፣ ከክምሩ እግር ጥቂት ራቅ ብላችሁ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ከታች ድንጋይ ይዞ መጥቶ መጨመርም አይገባም፤ ጥንታዊውንና የትናንቱን መለየት ያስቸግራል። ድንጋይ ላይ አትጻፉ፣ ውስጥ ገብታችሁ ሻማ አታብሩ። እሳት በተራራው ላይ በየትኛውም ቦታ አይነድም፤ ፒት ከሥር ለሥር እየተቃጠለ ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

በጸደይና በበጋ ሣሩ ውስጥ መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉ ወፎች አሉ። ውሻ ካላችሁ በገመድ ይሁን፤ በጎችም አሉና።

9. ችግር ከተፈጠረ

112 ወይም 999 ደውሉና «የተራራ ነፍስ አድን» በሉ። ያላችሁበትን ቦታ ከካርታው የፍርግርግ ቁጥር ወይም ከስልካችሁ አንብቡ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁና ምን እንደተጎዳ ተናገሩ። ስልክ ካልሠራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ ወይም መብራት አብሩ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ድገሙ። የተጎዳውን ሰው ከእርጥቡ መሬት ለዩት፤ ቦርሳና ምርኩዝ ከሥሩ አንጥፉለት። ከላይ የሚጨመር ልብስ ከታች የሚገባውን ብርድ አያቆምም።

10. ከወረዳችሁ በኋላ

ለሚጠብቃችሁ ሰው መውረዳችሁን ወዲያው አሳውቁ፤ ይህ ተረስቶ የነፍስ አድን ቡድን በከንቱ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ጫማችሁን በውሃ ብቻ እጠቡ፣ ማሰሪያውን ፈትታችሁ ጋዜጣ ወትፉበትና ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ማሞቂያ ላይ ከተቀመጠ ቆዳው ይሰነጠቃል። ማታ ስትታጠቡ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ወገብ ላይ መዥገር ፈልጉ። እዚህ አገር መዥገር «ላይም» የተባለ በሽታ ያስተላልፋል። ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳትጠመዝዙ ሳቡት፤ ቅቤም ሆነ ክብሪት አትጠቀሙ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከወጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ተራራ ላይ እንደነበራችሁ ንገሩት።